«አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት ነውን? የአቶሚክ አብዞርፕሽን መሣሪያ አሠራርና የአቃቂ ዳር አትክልት

የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከሚነሣበት ከቱሉ ዲምቱ ብዙም ሳይርቅ ትልቁ አቃቂ ወንዝ ያልፋል። ወንዙ የከተማዋን የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ይዞ ወደ ደቡብ ይወርድና በአባ ሳሙኤል የውሃ ማጠራቀሚያ ከትንሹ አቃቂ ጋር ተገናኝቶ ወደ አዋሽ ይዘልቃል። በሁለቱም ወንዞች ዳርቻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ሌላም አትክልት በመስኖ ይለማል፤ ምርቱም በከተማዋ ገበያዎች ይሸጣል። ስለዚህ በውሃው፣ በአፈሩና በአትክልቱ ውስጥ ያለው የእርሳስ፣ የካድሚየምና የክሮሚየም መጠን ለብዙ ዓመታት የምርምር ርዕስ ሆኖ ቆይቷል። ፍስሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ላይ ያሳተሙት፣ በአዲስ አበባ የሚበቅሉ ቅጠላማ አትክልቶችን የብረት ይዘት የመረመረው ጥናት ከእነዚህ አንዱ ነው።

ይህን መሰል ሥራ ለመሥራት በአገራችን ቤተ ሙከራዎች በብዛት የሚያገለግለው መሣሪያ አቶሚክ አብዞርፕሽን ስፔክትሮሜትር ነው። የጥናት ሠንጠረዦች ሲነበቡ ከቁጥሮቹ መካከል «አልተገኘም» የሚል አጭር ቃል ይታያል። አንባቢው፣ አንዳንድ ጊዜም ጸሐፊው ራሱ፣ ይህን ቃል «የለም» ብሎ ይተረጉመዋል። ይሁን እንጂ ቃሉ ስለ አትክልቱ ብቻ ሳይሆን ስለ መሣሪያውና ስለ ናሙናው አዘገጃጀትም ጭምር የሚናገር ነው። ይህ ጽሑፍ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ያብራራል፤ በዚያም መሠረት «አልተገኘም» የሚለው ውጤት መቼ እንደሚታመን፣ መቼ ደግሞ ምንም እንደማይነግር ያሳያል።

የመለኪያው መሠረተ ሐሳብ

እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በነጠላ አቶምነት ሲገኝ የራሱ የሆነውን የተወሰነ የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ብቻ ይመጥጣል። እርሳስ በ283.3 እና በ217.0፣ ካድሚየም በ228.8፣ ክሮሚየም በ357.9፣ ዚንክ በ213.9 ናኖሜትር ይመጥጣሉ። ፍራውንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1814 በፀሐይ ብርሃን ኅብረ ቀለም ውስጥ የመዘገባቸው ጥቁር መስመሮች የዚሁ ክስተት ውጤት እንደሆኑ ኪርኾፍና ቡንሰን በ1859 እና በ1860 አስረድተዋል። ነገር ግን ክስተቱ ለዕለት ተዕለት የኬሚስትሪ መለኪያነት የበቃው ወደ አንድ መቶ ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ ነው። በአውስትራሊያ በሜልቦርን ይሠራ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ አለን ዋልሽ ሐሳቡን በ1955 እ.ኤ.አ. አሳተመ።

የዋልሽ ዋና ግንዛቤ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በነበልባል ውስጥ ካሉት አቶሞች እጅግ አብዛኞቹ በመሠረታዊ የኃይል ደረጃቸው ላይ የሚገኙ መሆናቸው ነው። ለመነቃቃት ቀላል በሆነው በሶዲየም እንኳ በ2,500 ኬልቪን ሙቀት የተነቃቁት አቶሞች ከአሥር ሺህ አንድ ያህል ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጥቂቶቹ የሚያመነጩትን ብርሃን ከመለካት ብዙኃኑ የሚመጥጡትን መለካት በነበልባሉ ሙቀት መለዋወጥ በቀላሉ አይናወጥም።

ሁለተኛው ግንዛቤ የብርሃኑን ምንጭ ይመለከታል። አቶሞች የሚመጥጡት መስመር ስፋቱ ከናኖሜትር ጥቂት ሺህኛ ክፍል አይበልጥም። ሰፊ ብርሃን የሚሰጥ ተራ መብራት ቢቀርብላቸው አቶሞቹ የሚወስዱት ክፍል ከጠቅላላው እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ለውጡ አይታይም። መፍትሔው የሚፈለገውን መስመር ብቻ የሚያመነጭ መብራት መጠቀም ነው። ሆሎው ካቶድ ላምፕ የሚባለው መብራት ካቶዱ ከሚለካው ብረት የተሠራ፣ ውስጡም በዝቅተኛ ግፊት ኒዮን ወይም አርጎን የተሞላ ነው። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት የጋዙ አዮኖች ካቶዱን እየመቱ አቶሞችን ያነሣሉ፤ እነዚያም ተነቃቅተው የራሳቸውን ጠባብ መስመር ያበራሉ። እርሳስ ለመለካት የእርሳስ መብራት፣ ካድሚየም ለመለካት የካድሚየም መብራት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ከሙሙት ወደ ነበልባል

በነበልባል በሚሠራው መሣሪያ ናሙናው በቅድሚያ በአሲድ ሟምቶ ሙሙት መሆን አለበት። ኔቡላይዘር የሚባለው ክፍል ሙሙቱን በቀጭን ቱቦ ስቦ ወደ ጉም ይለውጠዋል። ትልልቆቹ ጠብታዎች ወደ ማስወገጃው ይፈስሳሉ፤ ወደ ነበልባሉ የሚደርሰው ከናሙናው ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ብቻ ነው። በአየርና በአሲታይሊን በሚነድደው፣ 2,300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚደርሰው ነበልባል ውስጥ ውሃው ይተናል፤ ጨዉ ይቀልጣል፤ ውሁዱም ፈርሶ ነጻ አቶም ይሆናል። የመብራቱ ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ 10 ሴንቲ ሜትር በሚረዝመው ነበልባል ውስጥ ካለፈ በኋላ ሞኖክሮሜተሩ የሚፈለገውን መስመር ለይቶ ወደ ብርሃን መቀበያው ያሳልፋል። መብራቱ በተወሰነ ድግግሞሽ እንዲርገበገብ ስለሚደረግ መሣሪያው የመብራቱን ብርሃን ነበልባሉ ራሱ ከሚያመነጨው ለይቶ ያውቃል።

መሣሪያው የሚያነበው ቁጥር አብዞርባንስ ይባላል፤ ይኸውም የገባው ብርሃን ለወጣው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ሎጋሪዝም ነው። አብዞርባንሱ በተወሰነ ክልል ውስጥ ከአቶሞቹ ብዛት ጋር በቀጥታ ያድጋል። መሣሪያው ግን አቶሞችን አይቆጥርም። ይዘታቸው ከሚታወቅ ስታንዳርድ ሙሙቶች የተገኘውን አብዞርባንስ ከናሙናው ጋር ያነጻጽራል እንጂ። ስለዚህ እያንዳንዱ ውጤት «ናሙናው በነበልባሉ ውስጥ ከስታንዳርዱ ጋር አንድ ዓይነት ጠባይ አሳይቷል» በሚል ግምት ላይ የቆመ ንጽጽር ነው።

አንድ ጎመን፣ ሁለት ጠርሙስ

የኮዴክስ ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ በቅጠላማ አትክልት ውስጥ የሚፈቅደው የእርሳስ መጠን በኪሎ ግራም እርጥብ ክብደት 0.3 ሚሊ ግራም፣ የካድሚየም ደግሞ 0.2 ሚሊ ግራም ነው። ከመቶ 90 እጁ ውሃ የሆነ ጎመን ሲደርቅ እነዚህ ወሰኖች በኪሎ ግራም ደረቅ ክብደት ወደ 3 እና ወደ 2 ሚሊ ግራም ይለወጣሉ። ከደረቀው ዱቄት 0.5 ግራም ተመዝኖ በአሲድ ቢብላላና ሙሙቱ 50 ሚሊ ሊትር እንዲሞላ ቢደረግ፣ ልክ በወሰኑ ላይ ያለ ጎመን በሊትር 0.03 ሚሊ ግራም እርሳስና 0.02 ሚሊ ግራም ካድሚየም ይሰጣል።

ካድሚየም በነበልባል አማካይነት በሊትር እስከ 0.001 ሚሊ ግራም ገደማ ሊታይ ስለሚችል 0.02 ሚሊ ግራም ያለ ችግር ይለካል። እርሳስ ግን እንዲህ አይደለም። በ283.3 ናኖሜትር ከብርሃኑ 1 በመቶ እንዲመጠጥ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ያህል እርሳስ ያስፈልጋል። በ0.03 ሚሊ ግራም የሚመጠጠው ብርሃን እንግዲህ ከሺህ አንድ አካባቢ ብቻ ነው። ይህ ለውጥ ከነበልባሉ መርገብገብ ጋር የሚፎካከር ነው።

በተለመደው የቤተ ሙከራ ሁኔታ የነበልባል መሣሪያ እርሳስን የመለየት ወሰን በሊትር 0.02 ሚሊ ግራም ነው እንበል። በ50 ሚሊ ሊትር በተዘጋጀው ሙሙት ይህ ወሰን ወደ ጎመኑ ሲመለስ በኪሎ ግራም ደረቅ ክብደት 2፣ በእርጥብ ክብደት 0.2 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ከኮዴክስ ወሰን በታች ነው። ያው 0.5 ግራም ዱቄት በ100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ቢሞላ ግን የመለየት ወሰኑ በእርጥብ ክብደት ወደ 0.4 ሚሊ ግራም ከፍ ይላል። በዚህ ጊዜ በኪሎ ግራም 0.35 ሚሊ ግራም እርሳስ ያለበት፣ ከሚፈቀደው በላይ የሆነ ጎመን፣ በሠንጠረዡ ላይ «አልተገኘም» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ጎመኑ አንድ ነው፤ መሣሪያውም አንድ ነው፤ የተለወጠው ጠርሙሱ ብቻ ነው።

ከዚህም በላይ ማየትና መለካት ይለያያሉ። የመለየት ወሰን የሚሰላው የባዶ ናሙና ንባቦችን መለዋወጥ በ3 በማባዛት ሲሆን፣ አስተማማኝ ቁጥር ለመስጠት የሚያበቃው የመለካት ወሰን ግን በ10 በማባዛት ይገኛል። ስለዚህ በ50 ሚሊ ሊትሩ ሙሙት እንኳ የመለካት ወሰኑ በእርጥብ ክብደት ወደ 0.67 ሚሊ ግራም ይደርሳል፤ ይህም ከኮዴክስ ወሰን እጥፍ በላይ ነው። ለመጠጥ ውሃ ደግሞ የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም እርሳስ ነው። ውሃው ሳይከማች በቀጥታ ወደ ነበልባል ከገባ የመመሪያው መጠን ከመለየት ወሰኑ በታች ስለሚውል «አልተገኘም» የሚለው ቃል ስለ ውሃው ደኅንነት አንዳች ነገር አያረጋግጥም።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። በደረቅ ክብደት 2 ሚሊ ግራም እርሳስ የተገኘበት ጎመን በእርጥብ ክብደት 0.2 ብቻ ስላለው ከወሰኑ በታች ነው። ቁጥሩ ሳይመነዘር ከ0.3 ጋር ከተነጻጸረ ግን ወደ ሰባት እጥፍ የሚጠጋ ብክለት ያለ ያስመስላል። የመጀመሪያው ስሕተት ተመጋቢውን ይጎዳል፤ ሁለተኛው ደግሞ ኑሮው በማሳው ላይ የተመሠረተውን ገበሬ።

የግራፋይት ምድጃ

ዝቅተኛ መጠን ለመለካት ነበልባሉ በግራፋይት ምድጃ ይተካል። መነሻው ቦሪስ ልቮቭ በሶቪየት ኅብረት ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣቸው ሥራዎች ናቸው። ከ10 እስከ 20 ማይክሮ ሊትር የሚሆን ናሙና በትንሽ የግራፋይት ቱቦ ውስጥ ይንጠባጠባል፤ ቱቦውም በአርጎን ጋዝ ተከብቦ በኤሌክትሪክ ደረጃ በደረጃ ይሞቃል። በቅድሚያ ሙሙቱ ይደርቃል፤ ቀጥሎ ተረፈ ቁሱ ይቃጠላል፤ በመጨረሻም ሙቀቱ በቅጽበት ከፍ ብሎ ብረቱ ወደ አቶምነት ይለወጣል። ናሙናው በሙሉ ስለሚተንና አቶሞቹም በጠባቡ ቱቦ ውስጥ ለአፍታ ስለሚቆዩ እርሳስ በሊትር ከ1 ማይክሮ ግራም በታች ሊለይ ይችላል።

ይህ ጥቅም ያለ ዋጋ አይገኝም። እርሳስ በቀላሉ የሚተን ብረት በመሆኑ፣ በተለይም ክሎራይድ ካለ፣ በማቃጠያው ደረጃ ላይ ከመለካቱ በፊት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ አሞኒየም ፎስፌት ወይም የፓላዲየምና የማግኒዚየም ናይትሬት ድብልቅ ተጨምሮ ብረቱ እስከ ከፍተኛ ሙቀት እንዲጸና ይደረጋል። ይህ ጥንቃቄ ሲጎድል ምድጃውም እንደ ነበልባሉ «አልተገኘም» ሊል ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ግን ምክንያቱ የመሣሪያው ድክመት ሳይሆን የሙቀት መርሐ ግብሩ ስሕተት ነው።

የሌለ ብረት የሚያሳይ ጥላ

ወሰኑን ዝቅ ለማድረግ አንዱ ቀላል መንገድ ናሙናውን መጨመርና ሙሙቱን መቀነስ ነው። 1 ግራም ዱቄት በ25 ሚሊ ሊትር ቢሞላ ከላይ በተጠቀሰው ስሌት የመለካት ወሰኑ በእርጥብ ክብደት ወደ 0.17 ሚሊ ግራም ይወርዳል። ነገር ግን ከእርሳሱ ጋር የጎመኑ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ሌሎች ጨዎችም አብረው ይከማቻሉ። በነበልባሉ ወይም በምድጃው ውስጥ ያልፈረሱ የጨው ሞለኪውሎችና ቅንጣቶች ብርሃኑን ይመጥጣሉ ወይም ይበትናሉ። ብርሃን መቀበያው የብርሃኑን መቀነስ እንጂ የቀነሰውን ነገር ማንነት ስለማያውቅ ይህን ጥላ እርሳስ አድርጎ ይቆጥረዋል። ይህ የዳራ መምጠጥ ይባላል፤ አጭር የሞገድ ርዝመት ባላቸው መስመሮች ላይም ይበረታል። በ217.0 ናኖሜትር እርሳስ ከ283.3 ይልቅ ብዙ ብርሃን ቢመጥጥም ብዙዎች ሁለተኛውን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጥላውን ለመቀነስ የዲዩቴሪየም መብራት ሰፊ ብርሃን ይሰጣል። ጠባቧ የአቶም መስመር ከዚህ ሰፊ ብርሃን የምትወስደው እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ዲዩቴሪየሙ የሚያሳየው መቀነስ በአብዛኛው የዳራው ነው፤ ያም ከጠቅላላው ይቀነሳል። ሆኖም የዲዩቴሪየም ብርሃን ክሮሚየም በሚለካበት በ357.9 ናኖሜትር አካባቢ ደካማ ነው። የዚማን ማስተካከያ ደግሞ በማግኔት ኃይል የአቶሙን መስመር ከፍሎ ዳራውን በዚያው የሞገድ ርዝመት ስለሚለካ በግራፋይት ምድጃ ይበልጥ ይታመናል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቅ ነገር አለ። በናሙናው ላይ የታወቀ መጠን እየጨመሩ የመለካት ዘዴ፣ የማትሪክሱ ጨው የመለኪያውን ቁልቁለት ሲለውጥ ያርማል። የዳራ ጥላ ግን ቁልቁለቱን አይለውጥም፤ በሁሉም ንባብ ላይ እኩል ይደመራል። ስለዚህ ይህ ዘዴ የዳራ ማስተካከያን አይተካም።

የክሮሚየም ጉዳይ ሌላም ጥንቃቄ ይጠይቃል። የቆዳ ፋብሪካዎች ለማልፋት የሚጠቀሙት በአብዛኛው ባለሦስት ቫለንስ ክሮሚየም ነው፤ ለጤና እጅግ አስጊ የሆነው ግን ባለስድስቱ ነው። ነበልባሉ ሁለቱንም ወደ አንድ ዓይነት አቶም ስለሚለውጣቸው መሣሪያው ጠቅላላውን ብቻ ይሰጣል። ሁለቱ አስቀድመው በኬሚካዊ መንገድ ካልተለዩ በቀር ከአቶሚክ አብዞርፕሽን ቁጥር ብቻ ስለ ባለስድስቱ ክሮሚየም መናገር አይቻልም።

ከመሣሪያው በፊት

የውጤቱ ዕጣ በከፊል የሚወሰነው መብራቱ ከመብራቱ በፊት ነው። በመስኖ ውሃ የተረጨ ቅጠል ላይ የተጣበቀ ጥቂት አፈር የእርሳሱንና የክሮሚየሙን ቁጥር ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ጥናቱ የሚጠይቀው ተክሉ በሥሩ የሳበውን ከሆነ ናሙናው በጥንቃቄ መታጠብ አለበት፤ ገበያ ላይ የሚገኘውን ከሆነ ደግሞ የቤት እመቤቷ በምታጥበው መጠን። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ የትኛው እንደተመረጠም መገለጽ አለበት።

የአካባቢው ከፍታም ድርሻ አለው። ቱሉ ዲምቱና አካባቢው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ውሃ በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል። በክፍት ዕቃ የሚብላላ አሲድም በባሕር ጠረፍ ከሚፈላበት ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ የምድጃው መቆጣጠሪያ የቱንም ያህል ቢያሳይ ሙሙቱ ከመፍያው ነጥብ ብዙ አያልፍም። በዝቅተኛ ቦታ ለተዘጋጀ የክፍት ዕቃ ዘዴ የተቀመጠው ጊዜ እዚህ በቂ መሆኑ መፈተሽ አለበት። በዝግ ዕቃ በማይክሮዌቭ የሚሠራው ማብላላት ግን የራሱን ግፊት ስለሚፈጥር በዚህ አይነካም።

ለአፈር ናሙና ደግሞ «ጠቅላላ ክሮሚየም» የሚለው አገላለጽ ጥንቃቄ ይሻል። በክሮማይት ማዕድን ውስጥ የታሰረ ክሮሚየም በናይትሪክና በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ድብልቅ ሙሉ በሙሉ አይሟሟም። ተመራማሪው የታወቀ ክሮሚየም በሙሙት መልክ ጨምሮ መልሶ 100 በመቶ ቢያገኘውም ይህ ስለ ታሰረው ክሮሚየም አይመሰክርም፤ የተጨመረው አስቀድሞ የሟሟ ነበርና። ይህን የሚፈትነው ከናሙናው ጋር ተመሳሳይ የሆነና ይዘቱ የተመሰከረለት ማጣቀሻ ናሙና ነው።

በሠንጠረዡ ላይ ሊኖር የሚገባው

ብዙ ጥናቶች የስታንዳርዱን መስመር ጥራት ለማሳየት የቁርኝት መለኪያው 0.999 መሆኑን ይጠቅሳሉ። ስታንዳርዶቹ በሊትር ከ0.5 እስከ 5 ሚሊ ግራም ሆነው ናሙናው 0.03 ከሆነ ግን ይህ ቁጥር ስለ ናሙናው ብዙ አይናገርም፤ መስመሩን የሚወስኑት የላይኞቹ ነጥቦች ናቸው። ዝቅተኛው ስታንዳርድ ወደ መለካት ወሰኑ መቅረብ አለበት። ወሰኑም ከመሣሪያው መመሪያ መጽሐፍ ሊገለበጥ አይገባም፤ ከናሙናዎቹ ጋር በአንድ አሲድ፣ በአንድ ዕቃና በአንድ ቀን ከተብላሉ ቢያንስ ሰባት ወይም አሥር ባዶ ናሙናዎች ሊሰላ ይገባል። የአሲዱ ንጽሕናና የመስታወት ዕቃው አስተጣጠብ በዚህ ቁጥር ውስጥ ይገለጣሉ። በሥራው መካከል መብራት ሲጠፋና ሲመለስ ላምፑ እስኪረጋጋ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ መጠበቅና ስታንዳርዶቹን እንደገና ማንበብ ያስፈልጋል። የአሲታይሊን ሲሊንደር ግፊት እጅግ ሲወርድም ጋዙ የሟሟበት አሲቶን ወደ ነበልባሉ እየገባ ንባቡን ስለሚያናውጥ ሲሊንደሩ ባዶ እስኪሆን መጠቀም አይገባም።

በመጨረሻም «አልተገኘም» ብቻውን መጻፍ የለበትም። «በኪሎ ግራም እርጥብ ክብደት ከ0.2 ሚሊ ግራም በታች» የሚለው አጻጻፍ አንባቢው ከሚፈቀደው ወሰን ጋር እንዲያነጻጽር ያስችለዋል። ቃሉ በዜሮ ተተክቶ አማካይና የጤና ሥጋት መጠን ሲሰላ ደግሞ መሣሪያው ያላየው ነገር ሁሉ እንደሌለ ይቆጠራል፤ የተገኘው ዝቅተኛ ሥጋትም የአትክልቱ ንጽሕና ሳይሆን የመለኪያው ድካም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በአቃቂ ዳር አትክልት ላይ የሚሠራ ተመራማሪ መነሻው መሣሪያው ሳይሆን የሚፈቀደው ወሰን ሊሆን ይገባል። ከወሰኑ ተነሥቶ የናሙናውን ክብደት፣ የሙሙቱን መጠንና ተስማሚውን ዘዴ አስቀድሞ ያሰላል። የመለካት ወሰኑ ከሚፈቀደው ወሰን በታች ካልዋለ፣ ናሙና ከመሰብሰቡ በፊት ዘዴውን መለወጥ ወይም የግራፋይት ምድጃ ወዳለበት ቤተ ሙከራ መሄድ ይኖርበታል። ይህ ስሌት ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ የሚሠራውም ከወንዙ ዳር ከመውረድ በፊት ነው።